ድመት የገደለ እጅ

መነሻ

«ድመት ገድለሃል እንዴ?»

ይህችን ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። በፈተናው ሰሞን ከግቢው በር ወጣ ብላ ካለችው ጀበና ቡና ተቀምጠን ሳለ፣ አንደኛው ጓደኛችን ስኒውን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠና ቡናው ደብተሩ ላይ ፈሰሰበት። ወዲያው ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ ያችኑ ጥያቄ ወረወሩበት። አንዱ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ አንዱ የደሴ፤ ሦስተኛው የአዲስ አበባ። ማንም ከማንም አልተማከረም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ድመት የገደለ ነው የሚለውን ነገር ሦስቱም ከየእናታቸው ጓዳ ይዘውት የመጡት ነው።

ሳቅን። ልጁም ሳቀ፤ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ እንቅልፍ እንደ ነሣው ነገረን። እኛ ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም። ምክንያቱን በስተመጨረሻ እንናገራለን፤ ያለው ሳንጃ ላይ ነው። ለጊዜው ግን «ይህች እምነት ምን ጉዳይ ኖሯት ኖረች? ሌላውስ ዓለም ስለ ድመት ምን ይላል?» ብለን መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነውን ለአንባብያን እናካፍል። ዓመታቱ የአውሮፓ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል።

የቆላዋ ድመት

ሳንጃን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ተነሥቶ የሁመራን መንገድ በመያዝ ትክል ድንጋይን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው የሚያገኛት የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። የደጋው ብርድ እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ማሽላ ነው፣ ሰሊጥ ነው፣ ጥጥ ነው፣ ሙቀት ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሉ መተማ፣ ከመተማ ድልድይ ማዶ ደግሞ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። የታሪክ ተማሪ መተማን የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ነው። በድመት ታሪክ ውስጥ ስሟ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ ግን የለም። እኛም አልጠበቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሰንብቶ ወደ ስናር ሲያልፍ፣ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል በነበረው በመተማ አገር ቆይቶ ነበር። ስሙ በዐረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ፣ በመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፀዋትና ስለ አራዊት ሲጽፍ፣ የዚሁ አገር ነዋሪ የሆነችን አንዲት ትንሽ የዱር ድመት ሥዕሏን ጭምር አወጣ። እግሯ በኋላ በኩል ጥቁር ስለሆነ ቦት የተጫማች አስመስሎ ጠራት። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የብሩስን መግለጫ ይዞ ፌሊስ ኦክሬያታ ሲል የላቲን ስም ሰጣት፤ ፍቺው ያው ባለ ቦት እንደ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ከአፍሪካ የዱር ድመት ወገን ይቈጥሯታል።

«ታዲያ ይህ ለተረትና ለእምነት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይጠቅማል እንጂ! በ2007 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ድመቶች የዘር ውርሳቸው ተመርምሮ ነበር። ውጤቱም የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የዚህችው የዱር ድመት የመካከለኛው ምሥራቅ ወገን ልጅ መሆኗን አሳየ። ከዚያ በፊት በ2004 እ.ኤ.አ. ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር መገኘቱ ተነግሮ ነበር፤ ሰውየው ተቀብሮ፣ ከአጠገቡ ክንድ በማይሞላ ርቀት አንዲት ድመት ተቀብራለች። ሰው እርሻ ጀመረ፤ እህል አከማቸ፤ አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። ማንም በገመድ አልጎተታትም። ውሻን ሰው አለመደው ይባላል፤ ድመት ግን ራሷ አይታ፣ መዝና፣ ገብታ የቀረች ናት። እንግዲህ የመተማዋ ባለ ቦት እናታችን ጓዳ የምትተኛዋ የድመት አክስት ናት ብንል ብዙ አንሳሳትም። የአርማጭሆ ገበሬ ዶሮው ስትወሰድበት የሚረግማት አክስቲቱን ነው፤ ማሽላው ሲጠበቅለት የሚመርቃት የእህቷን ልጅ ነው።

ከወንዙ ማዶ

አንገረብም ጓንግም ከጎንደር ደጋ ይነሡና ቆላውን አቋርጠው አትባራ ይሆናሉ፤ አትባራ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ግብፅ ይወርዳል። በዚያው ውሃ ጫፍ፣ በደለሉ አገር፣ ቡባስቲስ የምትባል ከተማ ነበረች። አምላኳ ባስቴት ናት፤ መልኳ በኋለኛው ዘመን የድመት ራስ ያላት ሴት ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ በዓሏ ሲጽፍ ሕዝቡን እስከ 700,000 ያደርሰዋል። ቁጥሩን ማመን አለማመን የአንባቢ ነው። ግን ከዚያ ይልቅ ልብ የሚነካው ትንሿ ወሬው ናት፦ ከቤት ድመት የሞተችባቸው እንደሆነ ቤተ ሰቡ በሙሉ ቅንድቡን ይላጫል ይላል። ውሻ ከሞተ ደግሞ ራሱንም ገላውንም። እኛ አገር ዘመድ ሲሞት ጠጉር እንደሚላጨው መሆኑ ነው።

ዲዮዶሮስ የተባለው ሌላ ጸሐፊ በ60 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ግብፅ ሳለ በዓይኑ ያየውን ጽፏል። አንድ ሮማዊ ሳያስበው ድመት ገደለ። በዚያን ጊዜ የግብፅ ንጉሥ ሮማን ፈርቶ ደጅ እየጠና ነበር፤ ሹማምንቱም እየሮጡ መጥተው ለመኑ። ሕዝቡ ግን አልሰማም፤ ሰውየውን ገደለው። ልብ በሉ፤ እኛ ዘንድ ድመት የገደለን እጁ ይቀጣዋል፣ እነሱ ዘንድ ጎረቤት ይቀጣዋል።

ክብር ግን ዘላለማዊ አይደለም። በግብፅ ስእለት ተብለው ከተቀበሩት ድመቶች 180,000 ያህሉ፣ ክብደታቸው 19 ቶን የሚሆን፣ በ1890 እ.ኤ.አ. በመርከብ ተጭነው ሊቨርፑል ገቡና ተፈጭተው ለእንግሊዝ እርሻ ማዳበሪያ ሆኑ። አምላክ የነበረች ድንች አበቀለች።

የነጋዴ ቃል

መተማ የገበያ አገር ናት። ቡናው፣ ሰሙ፣ ሰሊጡ፣ ቀን ሠራተኛውም ያልፍባታል፤ ቃልም ያልፍባታል። ከድልድዩ ማዶ ያለው ሱዳናዊ ድመትን እንደ ግብፁ ወይም እንደ ሶርያው ዐረብ አይጠራትም፤ «ከዲስ» ይላታል። ቃሉ የኖባ ነው። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የላቲኑ «ካቱስ»፣ ከእርሱም የእንግሊዙና የፈረንሳዩ ቃል የተወለዱት ከዚህ ከአፍሪካው ቃል ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር፤ ሌሎች ደግሞ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው ብለው ይከራከራሉ። የእኛው «ድመት»ና የትግርኛው «ድሙ» ግን ከዚህ ሙግት ውጭ ቆመው ያያሉ። ስትጠራ ያው «ውሮ» ናት።

ከነጋዴው ጋር ሃይማኖቱም መጥቷል። በእስልምና የድመት ስም መልካም ነው። ከነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ ሲባል «የድመቷ አባት» ማለት ነው፤ ድመት ይወድ ነበርና። ድመት የቀመሰችው ውሃ አይረክስም፤ በየቤቱ የምትዞር ናትና። ከዚህም ሌላ በሐዲሥ የታወቀች አንዲት ሴት አለች፦ ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ሄዳም ከምድር ነፍሳት እንዳትበላ ሳትፈታት ገድላት ለእሳት የተፈረደባት። ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ፍርድ ነው፦ የእኛው በእጅ፣ የግብፁ በጎረቤት፣ ይህኛው በሰማይ።

በዐረብ መጻሕፍት ድመት ከየት እንደመጣችም ይተረካል። ኖኅ መርከቡን ሞልቶ ሲሄድ አይጥ በዝቶ ስንቁን ፈጀው። አንበሳው አነጠሰ፤ ከአፍንጫው ወንድና ሴት ድመት ወጡ። በመጽሐፍ ቅዱስ ይህ የለም። በዕብራይስጡ መጽሐፍማ የቤት ድመት ስሟ ፈጽሞ አይነሣም፤ በግሪክኛው የኤርምያስ መልእክት ብቻ፣ ጣዖታቱ አቅም የሌላቸው መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በላያቸው ወፍም ድመትም ይወጣባቸዋል ተብሎ በጨረፍታ ታልፋለች።

ነፍሷስ ስንት ነው? እንግሊዝ ዘጠኝ ይላል፤ ዐረብ ሰባት ይላል። ሳንጃ ላይ በዚህ ጕዳይ ክርክር ሰምተናል። እንግሊዝኛ መጽሐፍ የቈጠረው ተማሪ ዘጠኝ ሲል፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰው ወንድሙ ሰባት ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱም ያልጠየቁት፦ ያን ሁሉ ነፍስ ለምን አስፈለጋት? ብዙ ስለሚወረወርባት ይሆን?

የመነኰሰችው ድመት

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።» ይህን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። የሚገርመው ግን ይህች ቆብ የደፋች ድመት ብቻዋን አለመሆኗ ነው። በህንድ ማሃባራታ ውስጥ አንዲት ድመት በጋንጅስ ወንዝ ዳር እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትባሕትውና ገባች፤ አይጦቹ አመኗትና አደራ ሰጧት፤ ቀስ በቀስም ቍጥራቸው ጎደለ። በደቡብ ህንድ ማማላፑራም በተባለ ቦታ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በትልቅ ዐለት ላይ በተቀረጸ ምስል መካከል፣ በሁለት እግሯ ቆማ እጇን ያነሣች ድመትና በሥሯ የተሰበሰቡ አይጦች እስካሁን ይታያሉ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል ሙቀፋዕ ወደ ዐረብኛ በመለሰው ከሊላ ወዲምና ደግሞ አንዲት ጿሚ፣ ሰጋጅ ድመት ጥንቸልና ወፍ ሊካሰሱ መጥተው ዳኛ አደረጓት፤ «ጆሮዬ ደክሟል፣ ቀረብ በሉ» አለቻቸውና ሁለቱንም በላች።

ይኸው ተረት በህንድ ባሕታዊ፣ በዐረብ ዳኛ፣ እኛ ዘንድ መነኵሴ ሆነ። ሕዝቡ በያገሩ የሚያከብረውንና የሚጠራጠረውን ሰው ልብስ አውልቆ ለድመት አለበሳት ማለት ነው። ስለዚህ ተረቱ የድመት አይደለም። አይጧ ተረት አድማጩ ነው፤ ድመቷ አደራ የተሰጠው ሹም ነው። ለዚህም ነው አይጦች ተሰብስበው «ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል እንሰር» ብለው ሲወስኑ «ማን ይሰር?» የምትለው ጥያቄ ላይ ሁላችንም ስቀን ዝም የምንለው።

የጥቁር ድመት ዘመን

ወደ አውሮፓ እንሻገር። ሰኔ 1233 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ በጀርመን አገር ተነሡ ስለተባሉ መናፍቃን ደብዳቤ ጻፈ። በስብሰባቸው ላይ ጥቁር ድመት እንደሚገለጥላቸው የተነገረውን ክስ ደብዳቤው ይዘረዝራል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «አውሮፓ ድመቱን ፈጀ፣ አይጥ በዛ፣ በ1347 እ.ኤ.አ. የገባው ጥቁር ሞት በዚያ ምክንያት ሕዝቡን ጨረሰ» እያለ ይጽፋል። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ደብዳቤው ድመት ግደሉ አላለም፤ መቶ ዓመት ሙሉ ድመት ተፈጀ የሚል መዝገብም አልተገኘም፤ ድመት ራሷም በወረርሽኙ የምትያዝ እንስሳ ናት። የእጉል እምነት ተቃዋሚ ነኝ የሚል ሰው ራሱ እጉል ተረት ሲያናፍስ እንዳይገኝ ይጠንቀቅ፤ ይህን ለራሳችንም ነው የምንለው።

እውነተኛው ጭካኔ ግን አልጠፋም። በቤልጅግ ኢፕር ከተማ በዓመት በዓል ቀን ድመት ከግንብ ላይ በሕይወቷ ትወረወር ነበር፤ የመጨረሻው በ1817 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን በበዓሉ የሚወረወረው የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። ጠንቋይ ናት ተብላ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ስትከሰስ፣ ከአጠገቧ የተገኘችው ድመት አብራ ትከሰሳለች፤ ሴትዮዋ ድመት ሆና ሌሊት ትሄዳለች ይባላል።

ከሁሉም ያሰብንበት ግን የፓሪሱ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ዳርንተን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በ1730ዎቹ መጨረሻ በሴን ሴቨረን መንገድ በአንድ ማተሚያ ቤት የሚሠሩ ተለማማጆች ነበሩ። የጌታቸው ሚስት የምትወዳት ድመት ጥብስ ስትበላ ለእነሱ የሚሰጠው ፍርፋሪ ነው፤ ሌሊት ደግሞ የሰፈሩ ድመት ጩኸት እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ዘዴ ፈጥረው ጌታው ራሱ «አጥፉልኝ» እንዲል አደረጉና መጀመሪያ የእመቤቲቱን ድመት ገደሉ፤ የቀሩትንም ዳኛና ተናዛዥ ሾመው፣ ፍርድ ፈርደው ሰቀሉ። እየሳቁ። ጌታውን መስቀል አይችሉም፤ ድመቱን ሰቀሉ።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር አለ። ድመት የባለቤቷን ስም ትወርሳለች። የተፈራች አሮጊት ድመት ጠንቋይ ትሆናለች፤ የተጠላ ጌታ ድመት ጌታ ትሆናለች። በጃፓን የሱቅ ድመት ደግሞ እጇን አንሥታ ደንበኛ የምትጠራ የገድ ምልክት ሆናለች። ያችው ጥቁር ድመት ብሪታንያ ውስጥ ገደኛ ስትባል አሜሪካ ውስጥ ገደቢስ ናት። ጠጉሯ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

ጎንደር ላይ ጅቡ

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ልዩነት እናገኛለን። አውሮፓ ሌሊት ድመት ሆኖ የሚሄድ ጠንቋይ ሲፈራ፣ ጎንደር የፈራው ጅብ ሆኖ የሚሄድ ቡዳ ነው። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጉትቻ ያደረገ ጅብ ተገኘ ሲባል መስማቱን ጽፏል፤ የቀጥቃጭ ጉትቻ ነው ይባላል። ጅቡ ለምን ተመረጠ? እንደሚመስለን ጅብ የውጭ ነው፤ ሌሊት ይጮኻል፤ መቃብር ይቆፍራል። ድመት ግን የቤት ናት፤ ጎታውን የምትጠብቅ ባለ ሥራ ናት። አይጥ የገባበት ጎታ ደግሞ የዓመት ቀለብ ጥፋት ነው። እናም «ድመት የገደለ እጁ ይንቀጠቀጣል» የሚለው እምነት ዳኛና ወታደር የማያስፈልገው የጓዳ ሕግ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ልጅ ድንጋይ ሲያነሣ እናት ከምድጃው ሳትነሣ ታስጥለዋለች።

እንስሳ ለጎንደሬ ዝም ብሎ እንስሳ አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከሱዳን በገላባትና በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር ሲከርም፣ ሚሸል ሌሪስ ስለ ዛር ብዙ መዝግቧል። ዛሩ የሚጠይቀው ዶሮ ቀለሙ ተለይቶ ነው፤ ቀይ ያለው ገብስማ አይቀበልም። በቀለም ገድ ማየት የፈረንጅ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ቡዳ የተባለው ማነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚዞረው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ነው። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ሥሩ «ጠቢብ» ነው፤ ጥበብ ያለው ማለት። ማረሻውን ከእርሱ እንገዛለን፤ ምጣዱን ከእርሷ እንገዛለን፤ ከዚያ ቤታቸው ቡና አንጠጣም። በአርማጭሆና በጎንደር ዙሪያ ይህ ስም አብዝቶ የወደቀው ርስት አጥተው በእጅ ሥራ በኖሩት በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ጥሩ ነበር፤ ጓዳ ግን አልገባም። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. ወደ 8,000 ቤተ እስራኤል ከሱዳን መጠለያ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ ብዙዎቹ እስከዚያ የደረሱት በእግራቸው፣ በዚሁ ቆላ አልፈው ነው፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱትም በሺህ ይቈጠራሉ። የስደታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ ሃይማኖትም ረሃብም ጦርነትም አለበት። ግን «ቡዳ» እየተባለ የኖረ ሰው ሲሄድ ወደ ኋላ የሚጎትተው ገመድ እንደሚሳሳ ማወቅ ሊቅነት አይጠይቅም።

ሳንጃ ላይ የሆነው

አሁን እንቅልፍ የነሣንን ነገር እንናገር።

አራተኛ ክፍል ሳለን፣ ሳንጃ፣ ከሰፈሩ ዳር ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ እማማ እንበላቸው። ጀበናቸው ያላለፈበት ቤት የለም። ግራጫ ድመት ነበረቻቸው። ክረምት ላይ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ታሞ ይለፈልፍ ጀመር። «በልታዋለች» ተባለ። ማን እንዳለው ማንም አያውቅም፤ ግን ተባለ። ድመቷ በዚያ ሳምንት በታመመው ልጅ ቤት ጣራ ላይ ታይታለች ተባለ። ይህም ተባለ።

አምስት ልጆች ነበርን። ድመቷን ከጉድባው ዳር አገኘናት። አንዳችን ድንጋይ አነሣና ቆም አለ፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን ትልቁ «የእሷ ድመትኮ ድመት አይደለችም» አለ። በቃ። ሕጉ በአንድ ቃል ተነሣ። ሁላችንም ወረወርን። የማናችን ድንጋይ እንደገደላት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የሚብሰው። ሳምንቱን ሙሉ እጃችንን ስናይ ሰነበትን። እርሳስ ስንይዝ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ እየዘረጋን እናያለን። አልተንቀጠቀጠም። እኛም ምን አልን? «እጉል እምነት ኖሯል» አላልንም። «አያችሁ! ድመት ብትሆን ኖሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለዚህ ቡዳ ናት» አልን። ያልተንቀጠቀጠው እጃችን በእማማ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። እጃችን ቢንቀጠቀጥ ደግሞ «ቡዳዋ ተበቀለችን» እንል እንደነበር አይጠረጠርም። በየትኛውም መንገድ እማማ የሚያመልጡበት በር አልነበረም። የ1233ቱ ክስም፣ የአሮጊቶቹ ፍርድም የተሠራው ከዚህችው ነገር ነው፤ ለማወቅ ጀርመን መሄድ አላስፈለገንም።

ልጁ ወባ ነበረበት። ኪኒን ተሰጥቶት ዳነ። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን የእማማን ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንወርድ ሄድን። አርጅተዋል፤ ሸክላውን አልተዉም። ቡና አፈሉልን፤ ጠጣን። ድመቷን የገደልነው እኛ መሆናችንን ስንነግራቸው ጭቃውን ማሸት አላቋረጡም። «አውቃለሁ ልጆቼ። ያን ዓመት ማሽላዬን አይጥ ፈጀብኝ» አሉ። ሌላ አላሉም። ስለ ቡዳም፣ ስለ እርግማንም፣ ስለ እጃችንም አንድ ቃል አልወጣቸውም። ለእርሳቸው ድመቷ ድመት ነበረች፤ ሥራዋም አይጥ መያዝ ነበር። በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል እውነቱን ይዘው የቆዩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ቤት ስንመለስ ቡና መጠጣታችን ቀድሞን ደርሶ ኖሮ እናታችን ተቈጡ። ቍጣው ሁለት ቀን ፈጀ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ምጣድ ሊገዙ ራሳቸው ወረዱ። ቡናውን ጠጥተው ይሁን ሳይጠጡ አልጠየቅንም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ምን እንላለን? የእጉል እምነት ሁሉ ይጥፋ ብሎ መጮኽ ቀላል ነው። ግን ድመትን የሚጠብቃት የእናቶቻችን ቃልም፣ ሸክላ ሠሪዋን የሚያስጠላው ቃልም ከአንድ ጓዳ ነው የወጡት፤ በአንድ ምላስም ተነግረውናል። የመጀመሪያው ማንንም አልጎዳም፤ እህልም አትርፏል። ሁለተኛው ሰው አፈናቅሏል። ስለዚህ አንድን እምነት ስንመረምር «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብቻ ማለት አይበቃም። «በማን ላይ ይወድቃል? ለማንስ አይሠራም?» ብለን መጠየቅ አለብን። ለሁሉም ድመት የሚሠራው ሕግ ለአንዲት ሴትዮ ድመት ካልሠራ፣ በሽታው ያለው ከድመቷ ላይ አይደለም።

ውድ ጓዶች፣ ከየአገራችሁ ስለ ድመት የሚባለውን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም አሰባስበን እናወጣለን። የወለጋው፣ የሐረሩ፣ የጋሞው፣ የወሎው ይምጣ። ስትጽፉ ግን ተረቱን ብቻ አይሁን፤ የማን ድመት እንደነበረችም ጻፉልን።